ከጅማ ትኩስ አበባ ይዞ በአውሮፕላን ለመሄድ

ከጅማ አዲስ አበባ አበባ ይዞ ለመብረር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው። «ከፍታው አያጠወልገውም ወይ? የፍተሻ ማሽኑስ?» ይላል። ሁለቱም ብዙ አያሳስቡም። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አበባው ሰማይ ላይ የሚያገኘው ግፊት ወርዶ ከሚያገኘው ብዙም አይለይም። የፍተሻው ራጅም ምንም አያደርገውም።

አበባ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ሌሊት በውሃ ጥም፣ መንገድ ላይ በፀሐይ፣ አየር ማረፊያ ረጅም ጊዜ በመጠበቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ አጠገቡ በተቀመጠ ፍራፍሬ። ስለዚህ ስለ በረራው ትንሽ፣ ከበረራው በፊት ስላለው ሌሊት ብዙ እናወራለን።

መጀመሪያ፦ መወሰድ ያለበትን ለዩ

የሱቅ ጽጌረዳ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መውሰድ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ትርፉ ድካም ነው። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ እያላችሁ ብትቆጥሩ የአገሪቱ ትልልቅ የአበባ እርሻዎች የሚገኙት ከአዲስ አበባ በመኪና በጥቂት ሰዓት ርቀት ላይ ነው። እዚያ የተትረፈረፈውን እዚህ ገዝቶ፣ አቅፎ፣ ተሳቆ መውሰድ ምን ያደርጋል? በተቃራኒው ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ አበባውን ከዚያ ይዛችሁ ብትመጡ ያዋጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል።

ከጅማ መወሰድ ያለበት የግቢ አበባ ነው። እናት በእጃቸው የተከሉት፣ አያት አጥር ሥር ያበቀሉት፣ አዲስ አበባ ያለችው እህት ስታየው «ይሄ የቤታችን ነው!» የምትለው። እሱ በገንዘብ አይገኝም።

ከግቢ አበባ ውስጥ ግን ሁሉም መንገድ አይችልም። ጽጌረዳ፣ ካርኔሽን፣ ሱፍ፣ ግላዲዮለስ እና ካላ ሊሊ (ያ ነጩ፣ ጡሩንባ የሚመስለው) ይችላሉ። ቡጌንቪላ ከተቆረጠ ብዙ አይቆይም። ሃይድሬንጃ ውሃ ወዳድ ስለሆነ ከባልዲው ሲወጣ ቶሎ አንገቱን ይደፋል። አደይ አበባም ሜዳ ላይ ሲያዩት የሚያሳሳውን ያህል መንገድ ላይ አይጸናም።

የቡና አበባም አለ። ከበጋው መጨረሻ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ጅማ ዙሪያ ያለው ቡና በአንዴ ነጭ ይለብሳል። ሽታው ያሰክራል። ቅርንጫፍ ቆርጬ ልውሰድ የሚል እንግዳ አይጠፋም። ተዉት። የቡና አበባ ዕድሜው ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ተቆርጦ ሲንገላታ ደግሞ ያንንም አይሞላም። በዚያ ላይ እያንዳንዷ አበባ ነገ የቡና ፍሬ ናት። ባለቤቱ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሁለተኛ፦ መቼና እንዴት መቁረጥ

በረራው ጠዋት ከሆነ ከዋዜማው ማታ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ቁረጡ። በረራው ከሰዓት ከሆነ ደግሞ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይጠፋ። በቀትር የተቆረጠ አበባ ገና ሲጀመር የተጠማ ነው፤ ሙሉ ሌሊት ውሃ ውስጥ ቢያድር እንኳ አንዳንዱ አያገግምም።

ያበበውን ሳይሆን ሊያብብ የደረሰውን ምረጡ። ጽጌረዳ ከሆነ የውጭዎቹ ቅጠሎች ገና ላላ ማለት የጀመሩበትን። በጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑት ለስለስ ይበል፤ ጠጠር ካለ ገና ነው፤ ተቆርጦም ላይፈታ ይችላል። ግላዲዮለስ ከታች አንድ ሁለቱ ቀለማቸውን ሲያሳዩ ይቆረጣል፤ የቀረው ቤት ገብቶ ይፈነዳል። ካላ ሊሊ ግን ከተቆረጠ በኋላ ብዙም ስለማይፈታ ተከፍቶ ያለቀውን ውሰዱ።

መቀሱ የተሳለና ንጹሕ ይሁን። ዝናብ ካለ (ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ የሌለበት ወር መቁጠሩ ይቀላል) አበባውን እየነቀነቃችሁ ውሃውን አራግፉለት። ከአረንጓዴው ክፍል ይልቅ የአበባው መሐል ውስጥ የቀረ ውሃ ነው ጠቅልላችሁ ስትዘጉት የሚያሻግተው። ጉንዳንና ትንንሽ ተባይም እዚያው ይደበቃል። አራግፉ፤ አውሮፕላን ውስጥ ጎረቤታችሁ ጭን ላይ ጉንዳን ሲሄድ ማየት ደስ አይልም።

ሲቆረጥ ወተት የሚመስል ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ጫፉን ለጥቂት ሰኮንድ በሻማ ለብለብ አድርጉትና ፈሳሹ ይቁም። ያ ወተት ቆዳና ዓይን ስለሚያሳክክ እጃችሁን ታጠቡ።

ሦስተኛ፦ ውሃ ውስጥ ማሳደር

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄን አትዝለሉ።

ባልዲውን በሳሙና እጠቡና በደንብ አለቅልቁ። የአበባ ዘንግ ውስጥ ያሉት የውሃ መስመሮች ቀጫጭን ናቸው። ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች እነዚያን መስመሮች ይደፍናሉ፤ አበባው ውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል። ንጹሕና ለብ ያለ ውሃ እስከ ግማሽ ሙሉበት። ውሃው ውስጥ የሚገባውን አረንጓዴ ቅጠል በሙሉ መልምሉ፤ ውሃ የነካ ቅጠል ይበሰብሳል። የጽጌረዳውን እሾህም አሁኑኑ አንሱ፤ ነገ እናንተም ሌላውም ሰው ትገላገላላችሁ።

ከዚያ ጫፉን ሁለት ሴንቲሜትር ያህል በሰያፍ እንደገና ቁረጡ። ከተቻለ ጫፉ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ነው መቁረጥ። አየር ላይ ሲቆረጥ ዘንጉ አየር ይስባል፤ የገባችው የአየር አረፋም ውሃ እንዳይወጣ መንገድ ትዘጋለች።

«የአበባ ምግብ» የሚባለውን ፍለጋ ከተማ መዞር የለባችሁም። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ በረኪና። ስኳሩ ይመግበዋል፤ ሎሚው ውሃው በዘንጉ ውስጥ በቀላሉ እንዲወጣ ያግዛል፤ በረኪናው ባክቴሪያውን ይከላከላል። በረኪናውን በመጨረሻ፣ ውሃው ውስጥ ጨምሩ። ከሎሚ ጋር ብቻውን አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ካበዛችሁት ደግሞ አበባውንም ያቃጥለዋል።

ባልዲውን ቤት ውስጥ ካለው ቀዝቃዛና ጨለማ ጥግ አሳድሩት። ወጥ ቤት አይሁን፤ ጭስ አለ። ፍሪጅ ያላችሁ «ፍሪጅ ውስጥ ላሳድረው» ትሉ ይሆናል። ለውጭ ገበያ የሚላከው ጽጌረዳ ከእርሻ እስከ አውሮፕላን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው የሚጓዘው። ሐሳቡ ልክ ነው ማለት ነው። ችግሩ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ሙዝ፣ ቲማቲም እና አቮካዶ መኖሩ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

አራተኛ፦ አጠቃለል

መጀመሪያ ርዝመቱን ወስኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለእጅ ሻንጣ የፈቀደው 55 በ40 በ23 ሴንቲሜትር ነው፤ ክብደቱ እስከ 7 ኪሎ። ክብደቱ አያሳስባችሁም። ርዝመቱ ግን ያሳስባል። አበባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ50 ሴንቲሜትር በታች አድርጋችሁ ቤት ቁረጡት። ረጅም ዘንግ ያምራል፤ መቀመጫ ሥር ግን አይገባም።

ጫፎቹን እኩል አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩ። ሶፍት ወይም ጥጥ በውሃ ንከሩ፤ ጨመቅ አድርጉና ጫፎቹን ጠቅልሉ። መንጠባጠብ የለበትም፤ እርጥብ መሆን ብቻ። በላዩ ላይ ትንሽ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ሁለተኛ ላስቲክ። ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አቁማችሁ ልውሰድ አትበሉ፤ ፍተሻው ላይ ማስደፋታቸው አይቀርም። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ከ100 ሚሊሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

ላዩን በምን እንጠቅልለው? ሱቅ የሚሰጡት የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ለዓይን እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ ውስጡ ያልበዋል። ጋዜጣ ጥሩ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጅማ ላይ በነጻ ያለው ኮባ ነው። ለዳቦ የሚሆነውን ያህል ሰፊ ኮባ አምጡ። መሐሉ ያለውን ወፍራም ዘንግ በቢላ ላጥ አድርጉለት፤ እሱ ነው ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው። ከዚያ እሳት ላይ ከፍ አድርጋችሁ ከዳር እስከ ዳር ለብለብ አድርጉት። ቀለሙ ጠቆር፣ ገጹ ወዛም ሲል ይበቃል፤ አሁን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። እስኪበርድ ጠብቁ። ሙቅ ኮባ ላይ አበባ ማስተኛት መቀቀል ነው። ሲበርድ አበባውን በሰያፍ አስተኙና ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። አናቱ ክፍት ይሁን፤ አበባ ይተነፍሳል። በክር እሰሩት፤ በፕላስተር አይደለም፤ ኮባ ላይ ፕላስተር አይዝም።

ሊሊ ካለበት (ካላ ሊሊን ማለቴ አይደለም) አንድ ነገር ይቀራል። አበባው መሐል ጫፋቸው ላይ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት የተሸከሙ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ጫፋቸውን በሶፍት ይዛችሁ አንድ በአንድ ንቀሉ። ያ ዱቄት ነጠላ ላይ ካረፈ በውሃ ብትፈትጉት ይብስበታል። ካረፈም አትንኩት፤ በፕላስተር እየለጠፋችሁ አንሱት።

ግላዲዮለስ ለብቻው ጠባይ አለው። አግድም ካስተኛችሁት ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል፤ ሰዓታት ካለፉ ጎብጦ ይቀራል። እሱን አቁማችሁ ነው የምትይዙት።

አምስተኛ፦ ከአቮካዶው አርቁት

ከጅማ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ማር አለ፣ አቮካዶ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ማንጎም በወቅቱ። ችግሩ የሚመጣው አበባውና ፍራፍሬው አንድ ካርቶን ውስጥ ሲገናኙ ነው። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ለዓይን የማይታይ ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ ለፍሬው «ብሰል» የሚል መልእክት ነው፤ አበባው ግን «እርጅ» ብሎ ይሰማዋል። ካርኔሽን ወዲያው ይጨማደዳል። ጽጌረዳ ቅጠሉን ይጥላል። አቮካዶና ሙዝ ደግሞ ይህን ጋዝ በማውጣት ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ፍራፍሬው ተመዝኖ በሚጫነው ሻንጣ፣ አበባው በእጅ። መኪና ውስጥም ፍራፍሬው ከኋላ፣ አበባው ከፊት። የሲጋራና የመኪና ጭስም ይህ ጋዝ አለበት፤ የባጃጅ ጭስ ጭምር። ክፍት ባጃጅ ላይ ከሆናችሁ አበባውን በጋቢ ወይም በሻርፕ ሸፈን አድርጉት፤ ከነፋሱም ያድነዋል።

ማሩ ፈሳሽ ስለሆነ እሱም ወደሚጫነው ሻንጣ ይሂድ።

ስድስተኛ፦ ከቤት እስከ ወንበር

አበባውን ከባልዲ የምታወጡት ልትወጡ ስትሉ ነው። ልብስ ሳትለብሱ፣ ቁርስ ሳትበሉ አይደለም። አጠቃለሉን ከተለማመዳችሁ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መቀስና ቢላ በእጅ ቦርሳ አይግባ። አዲስ አበባ ደርሳችሁ ጫፉን ለመቁረጥ ያስፈልጋችኋል፤ ግን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ፈታሹ ጥቅሉን ፍቱ ካለ ፍቱለት፤ ለዚህ ነው ክር የመረጥነው፤ ይፈታል፤ መልሶ ይታሰራል። አበባው ማሽኑ ላይ ሲያልፍ ለብቻው፣ አናቱ ወደ ፊት ሆኖ ይተኛ፤ ከኋላው የሚመጣ ከባድ ሻንጣ ጭንቅላቱን እንዳይጨፈልቀው።

ዝናብና ዳመና ካለ በረራ ሊዘገይ ይችላል። መጠበቂያው ላይ መስኮት ሥር፣ ፀሐይ የምትገባበት አትቀመጡ። ጥበቃው ከረዘመ መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ ሶፍቱን እንደገና አርጥቡት። አናቱ ላይ ውሃ አትርጩ፤ ጽጌረዳ ላይ የቀረ ጠብታ ቡናማ ነጥብ ይተዋል።

በአገር ውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ የምትሳፈሩበት ባለ ፕሮፔለሩ ኪዩ 400 ነው፤ መተላለፊያው መሐል ሆኖ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ወንበር። ከራስ በላይ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ጠበብ ያለ ነው። እዚያ ካስገባችሁት ቀጥሎ የሚመጣው ተሳፋሪ ላፕቶፑን ይጭንበታል፤ እሱም ጥፋት የለበትም፤ አላየውም። እኔ የምመርጠው መቀመጫ ሥር ነው፤ ሰያፍ አድርጎ፣ አናቱ ወደ እግራችሁ። ሲነሳና ሲያርፍ እዚያ ይሁን። ከተነሳ በኋላ ጭናችሁ ላይ ልትይዙት ትችላላችሁ። አስተናጋጇ ሌላ ካለች የእሷን ቃል ተቀበሉ። በአደጋ ጊዜ መውጫ አጠገብ ያለው ወንበር ከተሰጣችሁ እግር ሥር ምንም ማስቀመጥ ስለማይፈቀድ አስቀይሩ።

ከላያችሁ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ዝጉ ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደረቅ ነው፤ በቀጥታ ከነፋበት በአንድ ሰዓትም ቢሆን ዳር ዳሩን ያደርቀዋል። ሽታው ኃይለኛ የሆነ አበባ ከሆነ ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አንዴ ጠይቁ። አስም ያለበት ሊሆን ይችላል።

ሰባተኛ፦ ሲደርስ

ቤት ስትገቡ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ቡናው ይቀርባል፤ አበባው ወንበር ላይ ይረሳል። ለአንዱ ልጅ ወዲያው ስጡት። ጥቅሉን ፈትቶ፣ ጫፉን ሁለት ሴንቲሜትር ቆርጦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይክተተው። የተጠወለገ ጽጌረዳ ካለ ተስፋ አትቁረጡ። ጫፉን ቁረጡና ሰፊ ሳፋ ላይ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ፣ አበባውም ጭምር፣ አስተኙት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ብዙው አንገቱን ያቀናል።

የአበባ ማስቀመጫው ከፍራፍሬው ሳህን፣ ከሰሉና ከዕጣኑ ራቅ ይበል። ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር።

ወደ ውጭ አገር ከሆነ

እዚህ ላይ ነገሩ ይቀየራል። የሚያስቸግራችሁ አየር መንገዱ ሳይሆን የምትገቡበት አገር ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 14 ቀን 2019 ጀምሮ በመንገደኛ ሻንጣ ለሚገባ ተክልም፣ ለተቆረጠ አበባም የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠይቃሉ። ነጻ የተደረጉት አምስት ፍራፍሬዎች ብቻ ናቸው፤ አናናስ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ቴምር እና ዱሪያን። ከአፍሪካ የሚገባ ጽጌረዳ ደግሞ ይበልጥ ይጠበቃል፤ አበባው ውስጥ ተደብቆ የሚጓዝ የእሳት ራት ትል አለ፤ እነሱ ፍሬ ላይ እንዳይዛመት ይፈሩታል። ሰርተፍኬቱን እዚህ አገር የሚመለከተው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ለአንድ እቅፍ አበባ ያን ሁሉ መሄድ ያዋጣል? አይመስለኝም። ፍራንክፈርት ያለችው አክስት እዚያው ከሚሸጠው ይገዛላት። ዕድል ከቀናት የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ የያዛችሁትን ማሳወቅ ግዴታ ነው። የተቆረጠ አበባ መርማሪው አይቶት ተባይ ከሌለበት ብዙ ጊዜ ያልፋል። አፈር ያለበት ነገር ግን አይታሰብ፤ ከነሥሩ የተነቀለ ችግኝም እንዲሁ። ኮባውን ቦሌ ላይ አውልቃችሁ በወረቀት ቀይሩት፤ እሱም ራሱ የተክል ቅጠል ነው። የቡና ቅርንጫፍ ወይም ቀይ እሸት ቡና ደግሞ ለጌጥም ቢሆን ይዛችሁ አትሞክሩ፤ ቡና አምራች የሆነ አገር ሁሉ የቡና በሽታ እንዳይገባበት ነቅቶ ነው የሚጠብቀው።

መጠየቂያው ላይ «ተክል ይዘዋል?» ለሚለው «አዎ» በሉ። ካልተፈቀደ አበባውን ይወስዱባችኋል፤ እናንተ ግን ታልፋላችሁ። ሳታሳውቁ ከተገኘባችሁ ግን ቅጣት አለው።